በረግረግ አፈር ላይ ስለሚባክነው ሲሚንቶ

በሕንፃና በመንገድ ሥራ ከተሰማሩት ሰዎች ብዙዎቹ፣ በትምህርት ቤት የተማሩትም ሆኑ በልምድ ያደጉት፣ ሳይመረምሩ የተቀበሉት አንድ እምነት አለ፤ ይኸውም አፈር ደካማ ሆኖ ሲገኝ የጎደለው ሲሚንቶ ብቻ ነው፣ በጥቂቱ ባይጸና በብዙው ይጸናል፣ ስለዚህም በኩንታል ብዛት የማይሸነፍ መሬት የለም የሚል ነው። ይህ እምነት በአሸዋና በጠጠር ላይ ሲነገር ለእውነት የቀረበ ነው፤ በሸክላ አፈር ላይ ሲነገር እኩሌታው እውነት ነው፤ ሥርና ቅጠል በውኃ ውስጥ ለብዙ መቶና ለብዙ ሺህ ዘመን ተኝቶ በከፊል በበሰበሰበት በረግረግ አፈር ላይ ሲነገር ግን ፈጽሞ ስሕተት ነው። ስሕተትነቱም በቃል ብቻ የሚቀር ሳይሆን፣ የድኻ አገር ሀብት በጭቃ ውስጥ የሚቀበርበት፣ መንገድና ቤትም ያለ ጊዜያቸው የሚሰነጠቁበት ስለ ሆነ፣ ዝም ብሎ ማለፍ ለኅሊና የሚከብድ ነው።

የእምነቱ ጥንተ ነገር የሚያሳፍር አይደለም። ጆሴፍ አስፕዲን የተባለው እንግሊዛዊ በ1824 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፖርትላንድ ብሎ ለሰየመው ሲሚንቶ የባለቤትነት መብት ካስመዘገበ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1935፣ በአሜሪካ በሳውዝ ካሮላይና ግዛት በጆንሰንቪል አጠገብ መሐንዲሶች የቦታውን አፈር ከሲሚንቶና ከተመጠነ ውኃ ጋር ቀላቅለው፣ በሚገባ ጠቅጥቀው መንገድ ሠሩ፤ መንገዱም ጸና። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአውሮፕላን ማረፊያዎች በዚሁ ዘዴ በፍጥነት ተሠሩ፤ ከጦርነቱ በኋላም ዘዴው ወደ ብዙ አገር ተሰራጨ። ነገር ግን እነዚያ የቀደሙት ሰዎች ድል ያደረጉት አፈር በመምረጥ ነበር፤ ሲሚንቶውን ከማዘዛቸው በፊት አፈሩን አበጥረው፣ መዝነው፣ ፈትነው፣ የማይስማማውን ትተው የሚስማማውን ወሰዱ። ተከታዮቻቸው ግን ምርጫውን ረስተው ሲሚንቶውን ብቻ ወረሱ። የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች መመሪያ ሳይቀር አንዱን እጅ ሲሚንቶ ከአሥር እጅ አፈር ጋር በውኃ አዋሕደው ከ15 ደቂቃ በኋላ የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያ በሆነው በፒኤች ሲለኩት ከ12 በታች ከወረደ፣ በአፈሩ ውስጥ ያለው ብስባሽ ጥንካሬውን ሊያሰናክለው እንደሚችል እያስጠነቀቀ፣ ዛሬ በብዙ ቦታ ይህ የ15 ደቂቃ ፈተና እንኳ ሳይደረግ ከረጢት ይፈታል።

የነገሩ ፍሬ ያለው በሲሚንቶው ባሕርይ ውስጥ ስለ ሆነ በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ይገባናል። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ስለ ደረቀ አይደለም፤ ከውኃ ጋር ስለ ተዋሐደ ነው። ቅንጣቱ ውኃ ባገኘ ጊዜ ሁለት ነገር ይወለዳል፤ አንደኛው ካልሲየምና ሲሊካ ከውኃው ጋር ተዋሕደው የሚሠሩት፣ ቅንጣትን ከቅንጣት የሚያያይዝ እጅግ ረቂቅ ሙጫ ነው፤ ሁለተኛው ኖራ ነው፤ ይህም ኖራ በቅልቅሉ ውስጥ ያለውን ውኃ ከ12 በላይ ወደ ሆነ ፒኤች ስለሚያደርሰው፣ በሸክላ አፈር ውስጥ የሚገኙትን ሲሊካና አሉሚና ቀስ በቀስ እያሟሟ፣ በሳምንትና በወር፣ አንዳንዴም በዓመት የሚመጣውን ሁለተኛ ጽናት ያስገኛል። የሸክላ አፈር በሲሚንቶና በኖራ ሲታከም ቀን በቀን የሚበረታው በዚህ ምክንያት ነው።

በረግረግ አፈር ውስጥ እነዚህ ሁለቱ ልደቶች ሁለቱም ይጨነግፋሉ። ዕፀዋት ሲበሰብሱ የሚተውት፣ ሂዩሚክ አሲድ የሚባለው ጠቆር ያለ ነገር፣ ካልሲየም ያገኘ እንደ ሆነ ይይዘዋል፤ ይዞትም በውኃ የማይሟሟ ቅርፊት ሆኖ በሲሚንቶው ቅንጣት ላይ ይለጠፋል፤ በተለጠፈበትም ቦታ ውኃ ወደ ቅንጣቱ፣ ሙጫውም ወደ ጎረቤቱ አይደርስም። የአሲዱ ብዛት ደግሞ ኖራውን ያበርደዋል፤ ፒኤቹም ወደ 9 እየወረደ ሲሄድ ሙጫው መወለዱን ያቆማል። ከዚህ ሁሉ የተረፈ ኖራ ቢኖር እንኳ፣ ፒት የሚባለው ንጹሕ የረግረግ አፈር ከዕፀዋት ብቻ የተሠራ እንጂ ሸክላ የሌለው፣ ቢኖረውም እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፣ ኖራው የሚያሟሟው ሲሊካ አያገኝም፤ ስለዚህ ሁለተኛው ጽናት ከነጭራሹ አይመጣም። በረግረግ አፈር ውስጥ የሚገባው ሲሚንቶ የመጀመሪያ ድርሻው የአሲዱን ፍላጎት መሙላት ነው፤ መሠረት የሚሆነው ከዚያ የተረፈው ብቻ ነው። ምን ያህል እንደሚተርፍ ደግሞ ከቦታ ቦታ፣ በአንዱ ቦታም ከጥልቀት ጥልቀት ስለሚለያይ፣ በሌላ መንደር የሠራው ልክ ለዚህ መንደር አይሠራም።

የሚያስገርመው፣ የኮንክሪት ሙያ ያላቸው ሰዎች ይህን ነገር በራሳቸው ሥራ አጥብቀው የሚጠነቀቁት መሆናቸው ነው። ለኮንክሪት የሚመጣ አሸዋ ብስባሽ እንዳለበት ለማወቅ፣ አሸዋውን በጠርሙስ ውስጥ ከመቶ 3 እጅ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ካለበት ውኃ ጋር አድርገው አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ያቆዩታል፤ በማግስቱ ከአሸዋው በላይ ያለው ውኃ ከመለኪያው ቀለም ጠቁሮ ከተገኘ አሸዋውን ይጠረጥሩታል፤ ታጥቦ ወይም እንደገና ተፈትኖ ካልሆነ በቀር ወደ ማደባለቂያው አያስገቡትም። ጥቂት ስኳር በኮንክሪት ውስጥ ቢገባ እንዳይጠነክር እንደሚያደርገው የማያውቅ ግንበኛ ጥቂት ነው። እንግዲህ ከመቶ ጥቂት እጅ ብስባሽ ያለበትን አሸዋ ከበር የሚመልስ ሰው፣ ከደረቅ ክብደቱ ከመቶ ሠላሳና አርባ፣ በፒትም ከመቶ ሰባ አምስት እጅ በላይ ብስባሽ በሆነው አፈር ውስጥ ያንኑ ሲሚንቶ ሲያፈስ፣ በጠርሙሱ የተማረውን በጉድጓዱ መርሳቱ ነው።

ደግሞ የውኃውን ነገር እንመልከት። ፒት ከክብደቱ ከአሥር እጅ ዘጠኙ ውኃ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። አንድ ሜትር ኩብ የሚሆነው እንዲህ ያለ አፈር አንድ ሺህ ኪሎ ያህል ቢመዝን፣ ዘጠኝ መቶው ኪሎ ውኃ ነው። በዚህ ውስጥ 200 ኪሎ ሲሚንቶ፣ ማለት አራት ከረጢት፣ ብንጨምርበት ለአንድ ኪሎ ሲሚንቶ አራት ኪሎ ተኩል ውኃ ይደርሰዋል፤ በደኅና ኮንክሪት ውስጥ ግን ለአንድ ኪሎ ሲሚንቶ የሚደርሰው ግማሽ ኪሎ ያህል ነው። ብዛትን የሚያምን ሰው «እንግዲያስ ሲሚንቶውን እንጨምር» ቢል፣ የኮንክሪቱን ልክ ለማግኘት በዚያች አንድ ሜትር ኩብ ውስጥ 1,800 ኪሎ ሲሚንቶ ሊያገባ ነው፤ ይህም አፈሩ ከነውኃው ከሚመዝነው ሁለት እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነው። ስሌቱ እዚህ በደረሰ ጊዜ የሚታከም አፈር ቀርቶ፣ ጉድጓድ በሲሚንቶ መሙላት ብቻ ይሆናል።

የሚያቀርቡትን ክርክር ሳልሰማ አልፈርድም። ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠሩት ምስክር የሰሜን አውሮፓ አገሮች ነው፤ «ስዊድንና ፊንላንድ በረግረግ ላይ በሲሚንቶ መንገድ ሠርተው የለምን?» ይላሉ። በእውነት ሠርተዋል። ነገር ግን ምስክሩን የጠራ ሰው ቃሉን እስከ ፍጻሜው መስማት ይገባዋል። በ1967 በስዊድን ኬልድ ፓውስ ያልበረደ ኖራ በለስላሳ ሸክላ ውስጥ እየቀላቀሉ እንደ ምሰሶ የማቆምን ሐሳብ ባቀረበ ጊዜ፣ ዘዴው ብስባሽ በሌለበት ሸክላ ላይ ሠመረ፤ ብስባሽ በበዛበት አፈር ላይ ግን ኖራው ብቻውን አልረዳም። ስለዚህ ኖራን ከሲሚንቶ፣ ሲሚንቶንም ከብረት ማቅለጫ ከሚወጣው፣ ተፈጭቶ ከሚገባው ስላግ ጋር እያዋሐዱ ለየአፈሩ የሚስማማውን ቅምር ፈለጉ። ፊንላንዶች ከ1990ዎቹ ጀምሮ ፒቱን ከላይ እስከ ታች ሙሉ በሙሉ የመቀላቀሉን ሥራ ሲያስፋፉ፣ በአንድ ሜትር ኩብ ከ150 እስከ 250 ኪሎ የሚደርስ ማያያዣ አገቡ፤ እያንዳንዱም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከቦታው ናሙና እየተወሰደ፣ የተለያየ ማያያዣ በተለያየ መጠን እየተፈተነ፣ ከወራት ጥበቃ በኋላ ቅምሩ ተመረጠ።

ከዚህም በላይ፣ የእነርሱን ሥራ በሩቁ የሚያደንቁ ሰዎች ሁልጊዜ የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ። ቅልቅሉ እንዳለቀ፣ ገና ሳይጠነክር፣ ከግማሽ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ውፍረት ያለው አሸዋ ወይም ጠጠር ከላዩ ያነጥፉበታል፤ ይህ ጭነት ለስላሳውን ቅልቅል አምቆ ውኃውን ያስወጣዋል፤ ቅንጣቶቹንም ያቀራርባቸዋል፤ ሙጫውም የተቀራረቡትን ያገኛል። በፒት ላይ ለሚገኘው ጽናት ይህ ጭነት ያለው ድርሻ እጅግ ከፍ ያለ ነው፤ ጭነቱ ቢቀር ያው ሲሚንቶ፣ ያው መጠን፣ ያው አፈር እየሆነ ውጤቱ በብዙ ያንሳል። ከእኛ ሰዎች አንዱ ይህን ሥራ አይቶ ቢመለስ የሚያወራልን ስለ መቀላቀያው መኪና ነው፤ አፈሩን ካጸኑት ነገሮች አንዱ ግን በላዩ የተጫነው ተራ ጠጠር ነበር።

የጸና ሲባልም ምን ያህል እንደ ጸና መጠየቅ ያሻል። በእነዚያ ሥራዎች ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ቅልቅሉ 50 ኪሎ ፓስካል ያህል የመቆረጥ ኃይልን እንዲቋቋም ነው፤ ይህም በጭነት ቢለካ ወደ 100 ኪሎ ፓስካል ይመጣል። ተራ የቤት ኮንክሪት 25,000 ኪሎ ፓስካል ይቋቋማል። እንግዲህ ሰሜናውያኑ ያገኙት ደኅና ሸክላ የሚያህል መሬት እንጂ ድንጋይ አይደለም፤ እነርሱም ይህን አውቀው የመንገድ ግድብ፣ ሜዳና የመሳሰለውን ከላዩ አኖሩ እንጂ፣ ከባድ ሕንፃን ያለ ሌላ መሠረት አላቆሙበትም። «ሲሚንቶ ገብቶበታል» የሚለውን ቃል የሰማ የቤት ባለቤት ግን ከእግሩ በታች አለት ያለ ይመስለዋል፤ በዚህም ተስፋ አንድ ፎቅ ያሰበው ሦስት ፎቅ ይጨምራል።

ጃፓኖችም በዚያው በ1967 በወደብና በባሕር ወሽመጥ ምርምር ተቋማቸው ይህን ጥናት ጀምረው እስከ ባሕር ወለል ድረስ ያለውን ጭቃ በሲሚንቶ አጽንተዋል። ከእነርሱ የምንማረው ግን የተራ ሲሚንቶን ብርታት አይደለም፤ የሲሚንቶ ፋብሪካዎቻቸው ብስባሽ ላለበት አፈር ተብሎ ለብቻው የተቀመመ ሲሚንቶ እስከ መሥራት መድረሳቸውን ነው፤ ተራው የሚበቃ ቢሆን ኖሮ ይህን ድካም ማን ይደክም ነበር? ደግሞም ሲሚንቶ ከአንዳንድ አፈር ጋር በተቀላቀለ ጊዜ፣ በውስጡ በጥቂቱ ያለው ስድስት ቫሌንስ ያለው ክሮሚየም የሚባለው መርዝ ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ሊወጣ መቻሉን ስለ ተረዱ፣ ከ2000 ጀምሮ መንግሥታቸው በሲሚንቶ የታከመ አፈር በዚህ ረገድ እንዲመረመር መመሪያ አውጥቷል። ሕዝብ ከጉድጓድ ውኃ በሚቀዳበት አገር ይህ ነገር ችላ የሚባል አይደለም።

ሁለተኛው ክርክራቸው የላቦራቶሪው ናሙና ነው፤ «ይኸው ጠነከረ፣ ቁጥሩም ይኸው» ይላሉ። የላቦራቶሪው ናሙና የተሠራው ሥሩና ጭራሮው ተለቅሞ፣ በትንሽ ማደባለቂያ እስኪላም ተለውሶ፣ በእኩል ሙቀት ተጠብቆ ነው። በመስኩ ግን መቀላቀያው ብረት ከጉቶና ከሥር ጋር ይታገላል፤ አንዱ ክንድ ሲሚንቶ ሲጠግብ ሌላው ሳይነካው ያልፋል፤ ከጎን የሚመጣው ውኃም ገና ያልያዘውን ማያያዣ ያጥበዋል። ስለዚህ በመስኩ የሚገኘው ጽናት ከላቦራቶሪው ያንሳል፤ አንዳንዴም ግማሹን አያክልም፤ ሕንፃው ደግሞ የሚቆመው በመስኩ ላይ ነው። በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ብቻ የተሰበረ ናሙናም በረግረግ አፈር ላይ ፍርድ ለመስጠት አይበቃም፤ ብስባሹ የሲሚንቶውን ሥራ ስለሚያዘገየው የሦስት ወር ናሙና ያስፈልጋል፤ ከጽናቱም ጋር የመስመጡ ልክ መታየት አለበት፤ ፒት ሳይሰበርም ለዓመታት እየሰመጠ ቤትን ሊያበላሽ ይችላልና።

ወደ አገራችን ስንመጣ ሌላ ድንግርግር አለ። በኢትዮጵያ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል የሚሸፍነው፣ በአዲስ አበባም በቦሌ በኩል ያለው ሠራተኛ ሁሉ የሚያማርረው ጥቁር አፈር፣ ዋልካ ወይም ኮትቻ የምንለው፣ ስለ ጠቆረ ብቻ ብስባሽ የሞላበት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እንዲህ አይደለም። ዋልካ በክረምት የሚያብጥ በበጋ የሚሰነጠቅ ሸክላ ነው፤ ብስባሹ ከመቶ ጥቂት እጅ ነው፤ ጠላትነቱ ከሸክላው ባሕርይ እንጂ ከዕፀዋት ትራፊ አይመጣም፤ ስለዚህም ኖራ በሚገባ ተመጥኖ ሲገባበት ይታዘዛል። ከጣና ዳርቻ ደንገል በሚበቅልበት፣ በጨፋ ሜዳ፣ በኢሉባቦር ሸለቆዎች፣ በባሌ ከፍተኛ ተራሮች፣ ባጠቃላይም ውኃ ክረምት ከበጋ በሚተኛበት ረግረግ የሚገኘው ብስባሽ የበዛበት አፈር ግን ዘሩ ሌላ ነው። በዋልካ ላይ ኖራ ሠርቶ ያየ መሐንዲስ፣ ቀለሙ ተመሳሰለለት ብሎ ያንኑ ትእዛዝ በረግረጉ ላይ ሲደግመው፣ ትክክለኛ ልምዱ ራሱ ያሳስተዋል።

በዚህ ላይ «አባቶቻችን በጭቃው ውስጥ የጤፍ ጭድ ጨምረው፣ አቡክተው፣ አሰንብተው ቤት አልሠሩምን? የበሰበሰ ዕፅ የጭቃውን ኃይል ከጨመረ ሲሚንቶውን ለምን ያደክማል?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ የጭቃ ቤት ጥበብ የታወቀ ነው። ነገር ግን ጭቃ የሚጸናው በመድረቅ ነው፤ ጭዱም ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል፤ ሲሰነብትም የሚወጣው ልጋግ ሸክላውን ያጣብቀዋል። ሲሚንቶ ግን ካልሲየሙን ካልተቀማ ነው የሚጸናው፤ ያ ልጋግ የሚቀማው ደግሞ ካልሲየሙን ነው። ለአንዱ ወዳጅ የሆነው ለሌላው ባላጋራ መሆኑ በፍጥረት ሁሉ የታየ ሥርዓት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ ቢሉ፣ ረግረግ ላይ የሠራው የሰው ልጅ ሲሚንቶ ከመወለዱ በፊትም መንገድ አላጣም። የሊቨርፑልና የማንቸስተር የባቡር ሐዲድ በ1830 ሲከፈት፣ ጆርጅ ስቲቨንሰን ቻት ሞስ የተባለውን ጥልቅ ረግረግ የተሻገረው በቅርንጫፍና በቁጥቋጦ ምንጣፍ ላይ መሬቱን አንሳፍፎ ነው፤ ባቡር ዛሬም በዚያ ያልፋል። በአምስተርዳም በ17ኛው ምዕተ ዓመት የተሠራው፣ ዛሬ ቤተ መንግሥት የሆነው ታላቅ ሕንፃ 13,659 የእንጨት ምሰሶዎች ለስላሳውን አፈር ዘልቀው እስከ አሸዋው ድረስ ተተክለውለት ቆሟል። ረግረጉ ሁለት ሦስት ሜትር ብቻ ጥልቀት ያለው ከሆነ፣ ጠርጎ አውጥቶ በደኅና ገረጋንቲ መተካት ብዙ ጊዜ ከሁሉ ይረክሳል። ጥልቅ ከሆነና ጊዜ ካለ፣ የአፈር ጭነት ከምሮበት፣ ውኃው የሚወጣበት የቁም መስመር አበጅቶ ወራትን መታገሥ ነው፤ መሬቱ ሊሰምጥ ያለውን ያህል ሕንፃው ሳይመጣ ይሰምጣል። ከባድ ሕንፃ ከሆነ ፓይል የሚባለው ጥልቅ ምሰሶ አለ። ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን፣ ምርጫ ባለበት ጊዜ፣ ሕንፃውን ወደ ደረቁ መሬት ማዛወር ነው። ሲሚንቶ ቦታ የለውም አልልም፤ ተጠርጎ የሚወጣው አፈር መድፊያ በታጣበት፣ ጊዜም በጠበበበት ቦታ፣ ቅምሩ በፈተና ከተገኘ ትክክለኛ መፍትሔ ሊሆን ይችላል፤ የምቃወመው ግን ከፈተና በፊት መታዘዙን ነው።

ይህን የምለው ስለ ሕንፃው ብቻ አስቤ አይደለም። ረግረግ ሲደርቅ፣ ለአየር የተጋለጠው ብስባሽ ይቃጠላል ቢባል ያህላል፤ መሬቱም ይወርዳል። በእንግሊዝ በሆልም ፌን በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ አካባቢው ሲደርቅ ጫፉ ከመሬት ልክ ሆኖ የተተከለው የብረት ምሰሶ ዛሬ 4 ሜትር ያህል ከመሬት በላይ ወጥቶ ይታያል፤ ምሰሶው ሳይሆን መሬቱ ነው የተንቀሳቀሰው። ፒት የምድርን የብስ ከመቶ 3 እጅ ያህል ብቻ ሸፍኖ ሳለ በአፈር ውስጥ ካለው ካርቦን ሲሦ የሚሆነውን ይዟል። በላዩ የምናፈስሰው ፖርትላንድ ሲሚንቶ ደግሞ በ1,450 ዲግሪ ሙቀት ተቃጥሎ የሚወጣ፣ ለአንድ ቶን ከ800 ኪሎ ያላነሰ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያስከትል ነው። ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 50፣ ጥልቀቱ 3 ሜትር የሆነ አንድ ቦታ በሜትር ኩብ 200 ኪሎ ቢገባበት 3,000 ቶን፣ ማለት 60,000 ከረጢት ይበላል። ሲሚንቶ በጠፋ ቁጥር የድኻ ቤት ያለ ልስን፣ የትምህርት ቤቱም ክፍል ያለ ወለል በሚቀርበት አገር፣ ይህን ያህል ከረጢት ያለ ፈተና በጭቃ ውስጥ መቅበር በደል ነው።

በደሉን የሚያቆየው ግን አለማወቅ ብቻ አይደለም፤ የውል አጻጻፍም አለበት። ተቋራጩ በሥራ ዝርዝሩ ላይ በገባው የሲሚንቶ ኩንታል ልክ የሚከፈለው ከሆነ፣ የበዛ ሲሚንቶ ለእርሱ ትርፍ ነው፤ አማካሪው መሐንዲስም መጠኑን ከፍ ባደረገ ቁጥር ከወቀሳ የሚያመልጥ ይመስለዋል፤ አሠሪውም ብዙ ከረጢት ሲራገፍ አይቶ ሥራው የጸና መስሎት ደስ ይለዋል። ሦስቱም ሳይዋሹ፣ ሦስቱም በቅን ልቡና፣ አንድ ላይ ይሳሳታሉ። ክፍያው በመስክ ተለክቶ በተገኘው ጽናትና በመስመጡ ልክ ቢሆን ኖሮ፣ አፈሩን ለመመርመር ከሁሉ ቀድሞ የሚሮጠው ራሱ ተቋራጩ በሆነ ነበር።

ምርመራው ከባድ አይደለም። ስዊድናዊው ሌናርት ፎን ፖስት የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ ያስተማረው ዘዴ ከሰው እጅ በቀር ሌላ መሣሪያ አይሻም፤ አፈሩን በጨበጣችሁት ጊዜ በጣታችሁ መካከል ንጹሕ ውኃ ቢወጣ ብስባሹ ገና ነው፤ ጥቁር ጭቃ ቢወጣ በስብሷል፤ በዚህም ከ1 እስከ 10 ይመደባል። የደረቀውን ናሙና በ440 ዲግሪ ምድጃ አቃጥሎ የጎደለውን መመዘን ደግሞ ምድጃና ሚዛን ያለው ላቦራቶሪ ሁሉ የሚችለው ነው። እንግዲህ የጨረታ ሰነድ የምታዘጋጁ፣ በሰነዱም ላይ የምትፈርሙ ወገኖቼ ሆይ፣ በረግረግ ቦታ ለሚሠራ ሥራ የሲሚንቶውን ኩንታል ከመጻፋችሁ በፊት የአፈሩን የቃጠሎ ጉድለትና የፒኤቹን ቁጥር በመጀመሪያው ገጽ ላይ ጻፉ፤ ሁለቱ ቁጥሮች ካልተገኙ ጨረታው አይውጣ።